ሲኤንሲ ራውተር በትራፓኖና በብየዳ ማሽን ብቻ ይሠራል ወይ?

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው፦ «ጋሼ፣ ሐዋሳ ትንሽ የእንጨት ቤት አለኝ። ትራፓኖ፣ ግራይንደር፣ የብየዳ ማሽን፣ ሞርሳና አንድ የእጅ ራውተር አለኝ። በር ላይ አበባና ሐረግ የሚቀርጽ ሲኤንሲ (በኮምፒውተር የሚመራ መቅረጫ ማሽን) ራሴ ልሠራ ነው። ቪዲዮ ላይ በመሳቢያ ሐዲድና ከዲቪዲ በወጣ ሞተር ሲሠሩት አይቻለሁ። ሙሉ በር እንዲያወጣልኝ 1 ሜትር በ2 ሜትር ከ20 አስቤዋለሁ። ራውተሬን ለሌላ ሥራ ስለምፈልገው ትራፓኖውን ማሽኑ ላይ ባስረውስ? ሞተሩን ትልቅ ካደረግኩት ጥንካሬው አይመጣም? ኮምፒውተሩስ ምን አይነት ይሁን?»

ማሽኑ ይሠራል፣ ባሰብከው መጠን ግን አይሠራም። ማለቴ 1 በ2.20 አርገህ በመሳቢያ ሐዲድ ብትገጥመው ይንቀሳቀሳል፣ እስክሪብቶ አስረህ ወረቀት ላይ ስምህን ያጽፍልሃል፣ ቪዲዮም ያምርበታል፣ ዋንዛ የነካ ለት ግን ይደንሳል። አንተ ያየሃቸው ቪዲዮዎች አብዛኞቹ እስክሪብቶው ላይ ነው ሚያበቁት ወይ ፎም ሲቆርጡ ነው፣ እንጨት ሲበላ አያሳዩህም።

ሰው ሁሉ ሲጀምር ልቡ ሚሄደው ወደ ሞተሩና ወደ ቦርዱ ነው፣ እኔም እንደዛ ነበርኩ። ኤሌክትሮኒክሱ ግን ቀላሉ ክፍል ነው፣ ገዝተህ ታገናኘዋለህ፣ እምቢ ካለህ ትቀይረዋለህ። ብረቱ ግን አንዴ ተጣሞ ከተበየደ ተጣሞ ነው ሚኖረው፣ በሶፍትዌር ሚቃና ነገር የለም። የማሽንህን ጥራት ሚወስነው መርገቡና መወላወሉ ነው፣ ሌላው ሁሉ ከሱ በኋላ ይመጣል።

ቁጥሩን ላሳይህ። ባለ 16 ሚሊ ክብ ዘንግ ሁለት ጫፉ ላይ ብቻ ተይዞ 1 ሜትር ቢዘረጋና መሀሉ ላይ 5 ኪሎ ብታንጠለጥልበት ወደ 1.6 ሚሊ ይረግባል። ያው ዘንግ 50 ሳንቲም ቢሆን በዛው ክብደት ሚረግበው 0.2 ሚሊ ብቻ ነው። ርዝመቱ በግማሽ ሲቀንስ መርገቡ በስምንት እጥፍ ነው ሚቀንሰው፣ ለዚህ ነው መጀመሪያ መጠኑን ቀንስ ምልህ። አሁን ደሞ በዘንጉ ፈንታ 80 በ40 ቱቦላሬ፣ ውፍረቱ 2 ሚሊ የሆነውን፣ 80ው ወደ ላይ እንዲቆም አርገህ 1 ሜትር ዘርጋው፦ በዛው 5 ኪሎ መርገቡ 0.013 ሚሊ አካባቢ ነው። ከመቶ እጥፍ በላይ ልዩነት ማለት ነው፣ ቱቦላሬ ደሞ ሰፈርህ ካለው ብረት ቤት ቆርጠህ ምታመጣው ነገር ነው። ዘንጉ ያበራል፣ ቱቦላሬው ዝገት አለው፣ ሰው በመልክ ይታለላል።

ራውተሩን ተሸክሞ ሚሄደውን ተሻጋሪ ድልድይ ከአንጎላሬ (ኤል ቅርጽ ካለው ብረት) እንዳትሠራው። ራውተሩ ከድልድዩ ወጣ ብሎ ስለሚንጠለጠል ቢቱ (መቁረጫው) እንጨት ሲገፋ ድልድዩን እንደ ጨርቅ ሊጠመዝዘው ይሞክራል፣ አንጎላሬና ላሜራ መጠምዘዝን መቋቋም አይችሉም፣ አራት ጎኑ ዝግ የሆነ ቱቦላሬ ግን ይችላል። የመሳቢያ ሐዲዱን ደሞ እርሳው። እሱ የተሠራው ሳህንና ልብስ ተሸክሞ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እንዲሄድ ነው፣ በጎን በኩል በጣትህ ስትነካው ራሱ ይንቀጫቀጫል፣ እዛ ላይ ምትቀርጸው አበባ ዳሩ የተበላ ነው ሚመስለው።

አሁን የበሩ ነገር። በር ለመሥራት በር ሚያክል ማሽን ያስፈልጋል ያለህ ማነው? አንተ አናጢ ነህ፣ ከኔ በላይ ታውቀዋለህ፣ የተቀረጸ በር ስታይ ቅርጹ ያለው ፓኔሉ ላይ ነው፣ ክፈፉ ልሙጥ ነው ወይ ሞልድ ብቻ ነው። 90 ሳንቲም ስፋት ያለው በር ሁለት ረድፍ ፓኔል ቢኖረው አንዱ ፓኔል 30 ሳንቲም አካባቢ ነው ሚሰፋው። ስለዚህ 50 በ70 ሳንቲም ሚቆርጥ ማሽን የበርህን ፓኔል በሙሉ ያወጣልሃል፣ ክፈፉን እንደለመድከው በእጅህ ትሠራዋለህ። ረጅም ጣውላ ላይ መቅረጽ ከፈለግክ ደሞ የማሽኑን ፊትና ኋላ ክፍት ተወው፣ ጣውላው በድልድዩ ስር እንዲያልፍ። 70 ሳንቲሙን ቀርጸህ ስትጨርስ ጣውላውን ወደ ፊት ትገፋውና ቀድመህ በበሳኻቸው ሁለት ቀዳዳዎች ላይ ፒን አስገብተህ ትቀጥላለህ። ጊዜ ይወስዳል ግን ይሠራል።

ፍሬሙን ስትበይድ ብየዳ ብረት እንደሚስብ ታውቃለህ። አንዱን ጥግ ጨርሰህ ወደ ሌላው እንዳትሄድ፣ ሁሉንም ነጥብ ነጥብ አርገህ ያዘው፣ ዲያጎናሉን በሜትር ለካ፣ ሁለቱ እኩል ሲሆኑ ብቻ ተራ በተራ በተቃራኒ ጥግ እያቀያየርክ ጨርስ። ጠመዝማዛ መሆኑን ለማወቅ ውሃ ልክ አይበቃም። ከአራቱ ጥግ ሁለት ቀጭን ክር በመስቀል ወጥረህ አስር፣ መሀል ላይ ክሮቹ ተነካክተው ግን ሳይገፋፉ ከተላለፉ አራቱ ጥግ በአንድ ገጽ ላይ ነው። ከዛ ከታች ያለውን ክር ከላይ አርገህ ድገመው፣ ምክንያቱም አንዱ ከፍ ብሎ ሳይነካኩ ቢያልፉ በአንድ አቅጣጫ ብቻ አይተህ አታውቀውም። ዝቅ ያለውን ጥግ ከሐዲዱ ስር ቁራጭ የኮካ ቆርቆሮ እያስገባህ ታስተካክለዋለህ፣ የቆርቆሮው ውፍረት ወደ 0.1 ሚሊ ስለሚጠጋ ስንት እንደጨመርክ እየቆጠርክ ነው ምትሄደው። የመጀመሪያ ማሽኔ ግራ እግሯ ስር ሰባት ቁራጭ ቆርቆሮ ነበር፣ አይታይም፣ ማንም አልጠየቀኝም።

ድልድዩን ሚሸከሙትን የግራና የቀኝ ሳህኖች (ጠፍጣፋ ብረቶች) ለየብቻ ለክተህ እንዳትበሳቸው። ሁለቱን አንድ ላይ ሞርሳ ላይ አስረህ አንዴ ነው ምትበሳው፣ መጀመሪያ በ3 ሚሊ ቢት፣ ከዛ እየሰፋህ። ቀዳዳው ከለካኸው ቦታ 1 ሚሊ ቢስት ችግር የለውም ምክንያቱም ሁለቱም ላይ እኩል ነው የሳተው፣ ድልድዩ ቀጥ ብሎ ይቆማል። የእጅ ትራፓኖ ብቻ ላለው ሰው ከዚህ የበለጠ ዘዴ አላውቅም።

ሐዲዱ ላይ ሁለት መንገድ አለህ። ርካሹ 608 የተባለውን የስኬት ጫማ ኩሽኔታ፣ ውስጡ 8 ውጪው 22 ሚሊ የሆነውን፣ በአንጎላሬ ጠርዝ ላይ ከላይና ከታች ማስኬድ ነው (አንጎላሬ አትጠቀም ያልኩህ ለድልድዩ ነው፣ ፍሬሙ ላይ ተበይዶ ሐዲድ ሲሆን ችግር የለውም)። ይሠራል፣ ግን ጠርዙን በሞረድ ማስተካከል አለብህ፣ ኩሽኔታው ሚታሰርበት ቡሎን ደሞ ማጥበቂያ ቦታ ይኑረው፣ ከወር በኋላ አንጎላሬው ላይ መስመር ሲያወጣ መልሰህ ታጠብቀዋለህ። ውዱ መንገድ ባለ 15 ሚሊ ካሬ ሊኒየር ሐዲድ ነው፣ ወይም ከስሩ አሉሚኒየም ተሸካሚ ያለው ክብ ዘንግ። ከዱባይ ወይ ከቻይና ሚመጣ ሰው ካለህና ለአንድ ነገር ብቻ ገንዘብ ካለህ እዚህ ላይ አውጣው፣ ሞተር ላይ አይደለም።

ሞተሩን ትልቅ ማረግ ጥንካሬ አያመጣም። የዲቪዲው ሞተር መጫወቻ ነው፣ እሱን ተወው፣ ግን ኔማ 23 የተባለው ባለ 1 ኒውተን ሜትር አካባቢ ከበቂ በላይ ነው። ሂሳቡን ብታየው፣ ሞተሩ ሚያዞረው ባለ ኤም12 (12 ሚሊ) ክር ዘንግ በዙር ሚሄደው 1.75 ሚሊ ስለሆነ፣ ግጭቱ አብዛኛውን ጉልበት ቢበላው እንኳ በቀስታ ሲዞር ድልድዩን በ70 ኪሎ ጉልበት ይገፋዋል። 70 ኪሎ! ቢቱ ቀድሞ ይሰበራል። ስቴፐር ሞተር (እንደ ኔማ 23 ምት በምት ሚዞረው) ሚደክመው ፍጥነት ሲጨምር ነው፣ እሱን ሚያግዘው ደሞ የሞተሩ ግዝፈት ሳይሆን ቮልቴጁ ነው፣ 12 ቮልት ትተህ 36 ስጠው፣ ድራይቨሩ (ሞተሩን ሚያንቀሳቅሰው ቦርድ) ሚችለውን ጣሪያ ግን አንብበህ።

ክር ዘንጉ ለመጀመሪያ ማሽን ኤም12 ይበቃሃል፣ ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ምትገዛው፣ ግን ወለል ላይ አንከባለህ ቀጥ ያለውን ምረጥ፣ ዘጠኙ ይዘላል አንዱ ይሄዳል። አንድ ዳዶ ብቻ ካረግክበት አቅጣጫ ሲቀይር ባዶ ቦታ አለው፣ ክብ ስትቆርጥ እንቁላል ይወጣልሃል፣ ስለዚህ ሁለት ዳዶ አርገህ መሀላቸው ጠንካራ ስፕሪንግ አስገባ። ቶርኖ ቤት ሄደህ ጫፉን ለኩሽኔታ እንዲያወጡልህ አርግ፣ ከሁሉም ሥራ በሰው እጅ ምታሠራው እሱን ብቻ ነው። ወደ ላይና ወደ ታች ሚሄደው ዜድ ላይ ግን ተጠንቀቅ፦ ቲ8 ሚባለው የስሪዲ ፕሪንተር ዘንግ በገበያ ላይ በብዛት ያለው በዙር 8 ሚሊ ሚሄደው ነው፣ እሱ መብራት ሲጠፋ በራሱ ክብደት ወደ ታች ይንሸራተታል፣ ራውተሩ ከነቢቱ እንጨቱ ላይ ይቀመጣል። በዙር 2 ሚሊ ሚሄደውን ፈልግ ወይ ዜድንም በኤም12 ሥራው።

ትራፓኖውን አትሰር፣ ይሄ ልመና አይደለም። የእጅ ትራፓኖ ከ3000 ዙር ብዙም አያልፍም፣ ኩሽኔታው የተሠራው ወደ ፊት ተገፍቶ ለመብሳት እንጂ በጎን ተገፍቶ ለመቁረጥ አይደለም፣ አፉ ቢቱን ሲይዝ ይወዛወዛል፣ በጎን ጫና ደሞ ቢቱ ሊላቀቅ ይችላል። ግራይንደርም ያው ነው። ያለህን የእጅ ራውተር እሰረው፣ ለሌላ ሥራ ስትፈልገው ሁለት ቡሎን ፈተህ እንድታወጣው አርገህ መያዣውን ሥራ።

ፍጥነት ላይ ደሞ ሁሉም ሚሳሳተው ነገር አለ። «ማሽኔ ደካማ ስለሆነ በቀስታ ላስኪደው» ይላል፣ ራውተሩ ግን በ30000 ዙር ይጮሃል። ሂሳቡ ቀላል ነው፣ በደቂቃ ምትሄደውን ሚሊ በዙሩና በቢቱ ምላስ ብዛት ስታካፍለው አንዱ ምላስ በአንድ ዙር ሚነክሰው ይወጣል። በደቂቃ 1000 ሚሊ፣ 30000 ዙር፣ ሁለት ምላስ፣ ውጤቱ 0.017 ሚሊ ነው። ይሄ መቁረጥ አይደለም፣ ማሸት ነው፣ እንጨቱ ይጠቁራል ቢቱ ይቃጠላል፣ ከዛ «የቻይና ቢት ነው» ይባላል። ራውተርህ ዙር መቀነሻ ካለው ወደ 10000 አውርደህ ባለ አንድ ምላስ ቢት ግባበት፣ በዛው 1000 ሚሊ 0.1 ይነክሳል፣ ሚወጣውም ዱቄት ሳይሆን ፍቅፋቂ ይሆናል። ሚወጣውን እየው፣ ዱቄት ከሆነ የሆነ ነገር ተሳስቷል (ኤምዲኤፍ ሲሆን ሁሌም ዱቄት ነው፣ እሱን አትቁጠረው)።

ኮምፒውተሩ ማንኛውም አሮጌ ላፕቶፕ ይሆናል። አርዱኢኖ ኡኖ በሚባለው ትንሽ መቆጣጠሪያ ቦርድ ላይ ጂአርቢኤል ጫንበት፣ ከላፕቶፑ ሚመጣውን ትእዛዝ ወደ ሞተር ምት ሚቀይር ፕሮግራም ነው፣ ነፃ ነው፣ ከ2009 ጀምሮ ያለ ነው፣ ሦስት አቅጣጫ በሰከንድ 30 ሺህ ምት ያህል ይሰጣል። በኤም12 ዘንግህ ሞተሩ በዙር 200 ምት፣ ድራይቨሩ በ8 ከፍሎት 1600፣ ለ1.75 ስታካፍለው 914.29 ይመጣል፣ ለ1 ሚሊ ሚያስፈልገው ምት ነው፣ እሱን $100 እና $101 በሚባሉት የጂአርቢኤል ቅንብሮች ላይ ታስገባዋለህ፣ ዜድህም ኤም12 ከሆነ $102 ላይም። ከዛ ማሽኑን 300 ሚሊ ሂድ ብለህ በሜትር ለካው፣ 298 ከሄደ ቁጥሩን በ300 አብዝተህ በ298 አካፍለው። ድራይቨሩን በ32 ከፋፍዬ ጥራት ላምጣ ብለህ አትድከም፣ የተወላወለ ብረት ላይ ጥቃቅን ምት ትርጉም የለውም፣ አርዱኢኖውን ማስጨነቅ ነው።

አሁን እኛ አገር ያለው እውነተኛ ችግር፣ መብራት። ምን ይሆናል መሰለህ፣ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ አርዱኢኖው ደሞ ከላፕቶፑ በዩኤስቢ ነው ሚበላው፣ ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ሁለቱም አይሞቱም። ሞተሮቹ ናቸው ሚሞቱት። አርዱኢኖው ምንም እንዳልሆነ ለሞቱ ሞተሮች ሂዱ ሂዱ እያለ ይቀጥላል፣ በስክሪኑ ላይ አበባው እየተጠናቀቀ ነው፣ ማሽኑ ቆሟል። ከዛ ከሁለት ደቂቃ በኋላ መብራት ሲመጣ ሞተሮቹ ካሉበት ቦታ ይነሱና የሌላ ቦታን ቅርጽ ያለህበት ላይ ይቆርጡታል። ራውተሩ ሳይነሳ ሞተሮቹ ብቻ ቢነሱ ደሞ ቢቱን ሰብሮ ይሄዳል። እኔ አንድ የምግብ ቤት ታፔላ ሙሉውን እንደዚህ ጨርሼዋለሁ፣ «ቁርጥ» ሚለው «ጥ» «ቁ» ላይ ወጥቶ።

መፍትሔው ዩፒኤስ መግዛት ይመስልሃል፣ ግን ሞተሮቹን ዩፒኤስ ላይ አርገህ ራውተሩን ከውጪ ከተውከው ይብስበታል፣ ያልዞረ ቢት እንጨት ውስጥ ይጎተታል። ርካሹ መፍትሔ አንድ ሪሌይ (በኤሌክትሪክ ሚከፈትና ሚዘጋ ስዊች) ነው። ኮይሉ በ220 ሚሠራውን ግዛ፣ ራውተሩ በሚሰካበት ሶኬት ላይ አገናኘው፣ መብራት ሲኖር ተስቦ ይቆማል፣ ሲጠፋ ሚዘጋውን እግሩን በአርዱኢኖው ኤ1 እና በግራውንድ መሀል አስገባው። ኤ1 በጂአርቢኤል ላይ የማቆያ መግቢያ ነው፣ መብራት እንደጠፋ ፕሮግራሙ ባለበት ይቆማል። ቦታው ትንሽ ሊንሸራተት ስለሚችል ግን ዝም ብለህ ቀጥል አትበለው፣ በሦስቱም አቅጣጫ ሊሚት ስዊች (ማሽኑ ጫፍ ሲደርስ ሚነካው ስዊች) ግጠም፣ መብራት ሲመጣ ወደ ቤቱ፣ ማለትም ስዊቾቹ ወዳሉበት መነሻ፣ ልከኸው ከቆመበት መስመር ትንሽ ወደ ኋላ ተመልሰህ አስጀምረው። ስዊቾቹን ደሞ ሁሌ ዝግ ሆነው ሲነኩ ሚከፍቱ አርጋቸው፣ ሽቦ ሲበጠስ ማሽኑ ራሱ እንዲቆም።

ሁለት ሦስት ነገር ስለ አደጋ። ድራይቨሩ ላይ ኤሌክትሪክ እያለ የሞተሩን ሽቦ እንዳትነቅል፣ ወዲያው ይቃጠላል፣ እንዴት እንደማውቅ አትጠይቀኝ። የአደጋ ማቆሚያው ቀይ ቁልፍ የሞተሮቹንም የራውተሩንም መብራት ይቁረጥ፣ አርዱኢኖውን ብቻ ካቆመ ራውተሩ እጅህ ላይ እየዞረ ነው። ፍሬሙን አርት አርገው፣ የቤትህ አርት እውነት መሥራቱን ኤሌክትሪሻን አስለካ። ኤምዲኤፍ ስትቆርጥ በሩን ክፈት፣ ለብናኝ ሚሆን ማስክ አድርግ፣ የእንጨት ብናኝ ካንሰር እንደሚያመጣ የታወቀ ነገር ነው፣ ሻሽ መጠምጠም መከላከያ አይደለም። ማሽኑ ሲሠራ ጥለኸው ቡና ልጠጣ እንዳትል፣ በማሸት የጋለ ቢት ከስር ያለውን ፍቅፋቂ ያነደዋል።

ስለዚህ ምመክርህ ይሄ ነው፦ ሚቆርጠው 50 በ70 ሳንቲም፣ ፍሬሙና ድልድዩ 80 በ40 ቱቦላሬ፣ ከቻልክ ሊኒየር ሐዲድ ካልቻልክ 608 ኩሽኔታ፣ ኤም12 ዘንግ በሁለት ዳዶ፣ ኔማ 23 በ36 ቮልት፣ አርዱኢኖና ጂአርቢኤል፣ የራስህ የእጅ ራውተር። አሉሚኒየም አይቆርጥም፣ ዋንዛ ላይ በአንድ ጊዜ ከ2 ሚሊ በላይ ጥልቀት አትስጠው፣ አንድ ፓኔል ሁለት ሦስት ሰዓት ይወስድበታል። ተቀባይነት ያለው ፓኔል እጅህ ላይ ሳይኖር ከደንበኛ ቀብድ እንዳትቀበል። 1 በ2.20ውን ከፈለግክ ደሞ ሁለተኛ ማሽንህ ይሁን፣ ሳህኖቹን ከኮምፔንሳቶ ይቺ የመጀመሪያዋ ትቆርጥልሃለች፣ በትራፓኖ ከበሳኸው በላይ ትክክል አርጋ።

ተጠናቆ ሲነሳ አበባ አትቅረጽ። መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ያሰርከውን ኤምዲኤፍ ራሱ ማሽኑ ላጥ ያርገው፣ ከዛ 100 በ100 ሚሊ ካሬ ቆርጠህ ሁለቱን ዲያጎናል በካሊፐር ለካ። ሁለቱም 141.4 መምጣት አለባቸው። ሁለቱ እኩል ሆነው 141.4 ካልመጡ $100 እና $101 ላይ ነው ችግሩ፣ አንዱ ረዝሞ አንዱ ካጠረ ድልድይህ ጠማማ ነው የቆመው፣ ቡሎኑን አላልተህ ረጅሙ እንዲያጥር አጭሩ እንዲረዝም አርገህ ግፋው። ሁለቱን ቁጥር ጻፍልኝና ከዛ እንነጋገራለን።